በንግሥቲቱ ጫንቃ ላይ ያኖርሁት ድንጋይ

ስለ እንግሊዝ ንግሥቶች የማውቀውን ሁሉ ያገኘሁት ሽፋኑ ከተቀደደ አንድ መጽሐፍ ነው። በላሊበላ ትምህርት ቤት ዕቃ ቤት፣ ከተሰባበሩ ዴስኮች ሥር ወድቆ ነበር። ጊዜው ደርግ ነው፤ እኔ የታሪክ አስተማሪ ነበርሁ። በምናስተምረው ታሪክ ውስጥ ንጉሥ የተባለ ሁሉ ጨቋኝ ነው፤ ንግሥት የምትባል ደግሞ ጭራሽ የለችም። መጽሐፉን አቧራውን አራግፌ ቤቴ ወሰድሁት። ሰረቅሽ የሚለኝ ካለ ይበል።

ከሰዓት በኋላ ለሴቶች መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ በዕድሜ የሚበልጡኝ የላስታ ባለትዳሮች ናቸው። ፊደሉ ሲሰለቻቸው "እስቲ ወግ አምጭ" ይሉኛል፤ እኔም ከመጽሐፉ አንዷን ንግሥት አመጣላቸዋለሁ። ባሏ ሲዘምት አገር ስላስተዳደረችው ነገርኋቸው። "ታዲያ ይኸ ምኑ ይገርማል? የእኛ ባሎች ሲዘምቱ ቤቱን ማን ያዘው?" አሉኝ። ከልጆቼ ጋር አደምሽብኝ ብሎ ባሏ ለዓመታት ስላሰራት ንግሥት ስነግራቸው ግን ክፍሉ ተናወጠ። ትልቋ ተማሪዬ፣ ጠላ እየሸጡ ሰባት ልጅ ያሳደጉ እናት፣ "ንግሥት ሆና ከታሰረች ዘውዱ ምን ሊረባት ነው? ውኃ እንኳ አይቀዱበት!" አሉ።

የራሳችንንም ንግሥት አነሱ፤ ለባሏ መታሰቢያ ቤተ ክርስቲያን ያስፈለፈለችውን። መላእክት አግዘዋት በአንድ ሌሊት ጨረሰችው ይባላል። ይህ አባባል እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ለንጉሡ ሥራ ዓመታት ይቆጠሩለታል፤ የእሷ ሲሆን አንድ ሌሊት! ዓለት እኮ ነው። ይህን ስናገር አንዷ አማተበች፤ ትልቋ ግን "እውነቷን ነው" አሉ።

ከሁሉም የወደዱት የአንዲት ነፍሰ ጡር ንግሥት ታሪክ ነው። ባሏ አንድ ከተማ ከብቦ በረኃብ ካስጨነቀ በኋላ፣ ለከተማው ቤዛ ሊሆኑ አንገታቸው ላይ ገመድ አስረው የመጡ ስድስት ሰዎች እንዲገደሉ አዘዘ። ንግሥቲቱ እግሩ ሥር ተንበርክካ ለመነችው፤ እሱም ማራቸው። መጽሐፉ የሚለው ይህን ብቻ ነው። እኔ ግን በባዶ ጫንቃዋ ላንበረክካት አልሆነልኝም። በእኛ አገር ምሕረት የሚለምን ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው እግር ላይ የሚወድቀው። የተለመነው ሰው "ምሬያለሁ፣ ጣለው" እስኪል ድረስ ድንጋዩ አይወርድም፤ ለማኙን ከነድንጋዩ ትቶ መሄድ ትልቅ ነውር ነው። ስለዚህ የእንግሊዝን ንግሥት ድንጋይ አሸከምኋት። ማን ይጠይቀኛል ብዬ!

ወሩ ሳይሞላ ሰፈራው መጣ። የእርዳታ እህል ይታደላል ተብለው ከየገጠሩ የወጡ ገበሬዎች እየተያዙ ወደማያውቁት ቆላ ይጫኑ ጀመር። አምስት ወንዶች እኔ በማስተምርበት ክፍል ተዘጋባቸው፤ የጻፍሁት ፊደል ጥቁር ሰሌዳው ላይ እንዳለ ነው። ከአምስቱ አንዱ ከኩልመስክ በኩል የመጣው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ሚስቱም ልጆቹም ሳያውቁ በማግስቱ ሊጫን ነው።

እኔ ምን አደረግሁ? ምንም። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብዬ ቤቴ ተቀመጥሁ፤ ይህን አልደብቅም። የተነሱት ተማሪዎቼ ናቸው። ጠዋት በሬ ተንኳኳ፤ ስከፍት ትልቋ ድንጋይ ታቅፈው ቆመዋል፤ ሌሎቹም ሁሉ ከኋላቸው።

"ነይ፣ ውጪ" አሉኝ።

"ወዴት ነው እትዬ?"

"የሰፈራው ኃላፊ ሚስት ዘንድ። ንጉሥን በንግሥቱ ነው የሚለምኑት። ያስተማርሽን አንቺው ነሽ።"

"እትዬ፣ ድንጋዩን እኮ እኔ ነኝ የጨመርሁት። መጽሐፉ ላይ የለም።"

ድንጋያቸውን አስተካክለው አቀፉ። "እንኳንም ጨመርሽ! ያለ ድንጋይ ማን ያምናታል?"

ከደጄ አንድ ድንጋይ አንስቼ ተከተልኋቸው።

የኃላፊው ሚስት የዚሁ የላስታ ልጅ ነበረች፤ ገበያ ላይ አንገቷን ደፍታ የምትሄድ፣ ሰው "ጓድ" ሲላት የምትደነግጥ። በሯ ላይ ተንበረከክን። ትልቋ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "እቴጌ፣ ይማሩን!" አሉ። እቴጌ! በዚያ ዘመን ይህች ቃል ብቻዋን ታሳስራለች። ሴትዮዋ ጣሉት አላለችንም፤ ምሕረቱ በእጇ አልነበረም። ለምን እንደመጣን ሰማች፤ ከዚያ ነጠላዋን አጣጥፋ ጫንቃዋ ላይ አደረገች፣ ከግቢዋ ካብ አንድ ድንጋይ መዘዘች፣ ተሸከመችና ፊት ፊታችን ሄደች።

ባሏ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከሚሊሻዎቹ ጋር ቆሞ ነበር። እግሩ ላይ ወደቀች።

"አብደሻል እንዴ? ተነሽ!"

"ማራቸው።"

"የመንግሥት ሥራ ነው፣ ተነሽ ብያለሁ!"

"ማራቸው።"

ሌላ ቃል አልወጣትም። ግቢው ውስጥ ለእርዳታ እህል የተሰለፈው ሕዝብ ሁሉ ያያል። ከሚሊሻዎቹ አንዱ ጠመንጃውን አንግቶ ፊቱን አዞረ። ኃላፊው ግራ ቀኙን አየ፤ በመጨረሻ ጥርሱን ነክሶ "ጣሉት" አለ። በሩ ተከፈተ። ወንድሜ ዓይኑን እያሻሸ ወጣ፤ እጁን ጥብቅ አድርጌ ያዝሁት። እልል አልን።

እልልታው ሳያልቅ ኃላፊው "ቁጥሩ ግን አይጎድልም" ሲል ሰማሁ። ሚሊሻዎቹ ከእህሉ ሰልፍ ሌላ አምስት ሰው ጎትተው አወጡና በቀጥታ ደጅ በቆመው የጭነት መኪና ላይ ጫኗቸው። የላሊበላ ሰዎች አልነበሩም። አንደኛው "ከወገል ጤና ማዶ ነው የመጣሁት፤ እዚህ ዘመድ የለኝም" እያለ ይጮኻል።

ወንድሜ ክንዴን ሳበኝ። "እንሂድ፣ ሳይመልሰን" አለ። እውነቱን ነበር። ዞር ስል ትልቋ እያለከለኩ፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ድንጋያቸውን ከመሬት ያነሳሉ። የኃላፊው ሚስት የእሷን ጭራሽ አላወረደችም። የወንድሜን እጅ ለቀቅሁና እኔም አነሳሁ። መኪናው ፊት፣ መንገዱ ላይ ተንበረከክን።

ይህኛውን ልመና ማንም አልሰማም። መኪናው እስከ ቀትር ቆሞ ዋለ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ከነድንጋያችን እየጎተቱ ከመንገድ አወጡን። አምስቱ ሄዱ። ከንቱ ድካም ነበር የሚሉኝ አሉ፤ አልቀበልም። ያን መጽሐፍ የጻፈው ሰው ልመናዋ የተሰማላትን ንግሥት ብቻ ነው የጻፈው። ተንበርክካ ያልተሰማችስ ስንት ናት? እሷም ንግሥት ናት፤ እሱ ካልጻፋት እኔ እጽፋታለሁ።

ሰኞ ለግምገማ ተጠራሁ። ሰብሳቢው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መውጫ ሊያበጅልኝ ፈለገ።

"በወንድምሽ ምክንያት ስሜት አሸንፎሽ ነው። እንዲህ ብለሽ ሂስሽን ዋጪ፣ ይቀልልሻል" አለኝ።

"ወንድሜማ ወጥቶ አጠገቤ ቆሞ ነበር" አልሁት።

"ታዲያ ለማን ነው መኪናው ፊት የተንበረከክሽው?"

"ለማላውቃቸው።"

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ጸሐፊ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ አቀርቅሮ "በራሷ አንደበት አምናለች" ብሎ ጻፈ። አዎ፣ አምኛለሁ።