ፖፑ እስኪወርዱ ድረስ

ኤርሲሊያ የካህናት ልብስ ተኳሽ ናት። ከቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ጀርባ፣ ቦርጎ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ይዛ አርባ ሁለት ዓመት ተኩሳለች። ፊት ለፊቷ የእህቷ የኖርማ ምግብ ቤት አለ፤ አምስት ጠረጴዛ፣ ሐሙስ ኞኪ የሚሉት የድንች ሊጥ፣ ቅዳሜ ጨጓራ በቲማቲም። በሁለቱ ደጅ መካከል ያለው መንገድ ስምንት እርምጃ ቢሆን ነው። ኖርማ ሽንኩርት ስትጠብስ የኤርሲሊያ ካርዲናሎች ልብስ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። እንዲህ ተቀራርበው እህትማማቾቹ ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት አልፏቸዋል።

ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው። እናታቸው የሞተች ዕለት ኤርሲሊያ ሬሳው የሚቀበርበትን ነጭ ሸሚዝ ሦስት ሰዓት ሙሉ ስትተኩስ ዋለች። ደረቱ ላይ አርባ ሽንሽን ነበረው፤ አርባውንም ወረቀት የሚቆርጥ ስለት አስመሰለችው። ኖርማ መጣችና ሬሳው ላይ ግራጫ የሱፍ ሻል ጣል አደረገችበት።

«እማማ ብርድ አትችልም» አለች።

ሻሉን ክረምቱን ሙሉ የበሽተኛዋ አልጋ አጠገብ ተቀምጣ የሠራችው ራሷ ናት። ኤርሲሊያ ግን ያን ቀን የታያት የተሸፈነው አርባ ሽንሽን ብቻ ነበር። ከመቃብር ሲመለሱ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ቆሞ እያየ፣ የኖርማ ደጅ ላይ ጮኸች፦

«በእማማ ነፍስ እምላለሁ! ፖፑ በገዛ ፈቃዳቸው ከመንበራቸው እስኪወርዱ ድረስ እግሬ ደጅሽን አይረግጥም!»

በዚያን ጊዜ በፈቃዱ መንበሩን የለቀቀ ፖፕ ከታየ ስድስት መቶ ዓመት ሆኖት ነበር። ሰፈሩም «ሞቼ እገኛለሁ ማለቷ ነው» ብሎ ተርጉሞ ወደ ቤቱ ገባ።

ዓመታቱ እንዲሁ አለፉ። በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በግንቦት፣ ኖርማ ደጇ ላይ ወረቀት ለጠፈች። ኤርሲሊያ መነጽሯን አድርጋ በመስኮቷ አነበበችው። ከጴጥሮስና ጳውሎስ በዓል ማግስት ጀምሮ ምግብ ቤቱ ይዘጋል፤ ኖርማ ጉልበቷ እምቢ ስላላት ቶሪኖ ከተማ ልጇ ጋ ትሄዳለች። ይህን አንብባ ወደ ካውያዋ ስትመለስ የአንድ ጳጳስ እጅጌ እየጨሰ አገኘችው። በአርባ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ነው።

ስምንት እርምጃ እንዳትሻገር ምን ያዛት ትሉ ይሆናል። መሐላው በእናት ነፍስ ነው። ጋዜጣ ሻጩም ሥጋ ሻጩም ሰምቷል፤ የሰሙት ደግሞ ላልሰሙት ነግረዋል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኤርሲሊያ እህቷን ልታቅፍ ትፈልጋለች፣ ይህን እኔም እሷም እናውቃለን፤ ግን ሰፈሩ «ተሸነፈች» ከሚላት ካውያውን ብትውጠው ትመርጣለች። እናም በሰባ አራት ዓመቷ የቀራት ተስፋ አንድ ብቻ ሆነ፦ ፖፑ መውረድ አለባቸው።

በዚያው ሳምንት አባ ቱሊዮ መጣ። የካርዲናል ባንዲኔሊ ጸሐፊ ነው፤ ቀጭን፣ ሁልጊዜ የሚቸኩልና ሁልጊዜ የሚያማርር። የጌታውን ሙሉ የክብር ልብስ፣ ቀዩን፣ በሁለት እጁ ታቅፎ ነበር።

«ይህን ተኩሺልኝ ሶራ ኤርሲሊያ። ቶሎ» አላት፤ የቦርጎ ሰው ሴቷን «ሶራ» ወንዱን «ሶር» ሲል «እመቤት»ና «አቶ» ማለቱ ነው።

«ሙሉውን? በምን በዓል?»

«በዓል አትበይኝ፣ እባክሽ! ቅዱስ አባታችን ያወጡትን ትእዛዝ አልሰማሽም? ካርዲናል የተባለ ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማ ዳር ሄዶ ሕዝብ ያናዝዝ ብለዋል። ደግሞ በአውቶቡስ! በሰባ ስምንት ዓመታቸው፣ የኔ ጌታ፣ በአውቶቡስ! ባለፈው ቅዳሜ አንዷ ሴትዮ ኃጢአቷን ትታ ስለ ጎረቤቷ ውሻ ሁለት ሰዓት ነገረቻቸው።»

«ታዲያ ምን ይላሉ?»

«ምን ይላሉ? ሁሉም የሚሉትን ነዋ። ሽማግሌው ደክሟቸዋል፣ ማረፍ አለባቸው ነው የሚሉት።»

«ማረፍ» አለች ኤርሲሊያ ቀስ ብላ።

«ወገቡንም ትንሽ አስፊው። ክረምቱን ሙሉ ከዚያ ማዶ ያለውን ጨጓራ ሲበሉ ከርመው…» ብሎ ወደ ኖርማ ደጅ አገጩን አቀና፤ ከዚያ የማን ቤት እንደሆነ ትዝ ብሎት አገጩን መለሰ።

እውነቱ ይኸው ነበር፤ ካርዲናሉ ወፍረዋል። ኤርሲሊያ ግን ስለ ወገቡ የተባለውን አልሰማችም። ካርዲናል ሙሉ ቀዩን ያለ በዓል የሚያዘጋጀው አዲስ ፖፕ ለመምረጥ ሲሰበሰብ ነው፤ መቼም ለአውቶቡስ አይለብሰውም። ልቧ የፈለገውን ጆሮዋ ሰማላት።

ደጇ ላይ ሶር ኦታቪዮ ተቀምጦ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው። ኦታቪዮ በወጣትነቱ ፖፖችን በወንበር ተሸክመው ከሚያዞሩት ሰዎች አንዱ ነበር። ወንበሩ ዕቃ ቤት ከገባ፣ እሱም ጡረታ ከወጣ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ቀኝ ትከሻው ግን ዛሬም ከግራው ሁለት ጣት ዝቅ ይላል።

«ቀዩ መጣ» አለችው። «የባንዲኔሊ። ሙሉው።»

«እንዴ! ሊወርዱ ነው እንዴ?»

«እኔ ምንም አላልኩም።»

በቦርጎ «ምንም አላልኩም» ማለት «ንገር» ማለት ነው። ኦታቪዮ ለጋዜጣ ሻጩ ነገረ። በሦስተኛው ቀን አንድ ወጣት ጋዜጠኛ የሚተኮስ ሱሪ ይዞ መጣ፤ ሱሪው ንጹሕና የተተኮሰ ነበር። ኤርሲሊያ ደግማ ተኮሰችለትና ለእሱም ምንም እንዳላለች ነገረችው። በማግስቱ ጋዜጣው «ለቤተ ክርስቲያን ከፍተኛ ባለሥልጣናት እጅግ ቅርብ የሆኑ ምንጮች» ብሎ ጻፈ። ስለ ቅርበቷ አልዋሸም፤ ያን ሰዓት የሦስት ጳጳሳት አንገትጌ በእጇ ነበር።

ከዚያ ጉድ ፈላ። ካርዲናሎቹ ጋዜጣውን አነበቡ። እያንዳንዱም ሌላው አንድ ነገር ሳያውቅ አይቀርም ብሎ፣ ኋላ እንዳይቀደም፣ ቀዩን ልብሱን ለኤርሲሊያ ላከ። በሁለት ሳምንት ዘጠኝ፣ በሦስተኛው አሥራ አራት ልብስ ከጣሪያዋ ተንጠለጠለ። ክፍሏ የሥጋ ቤት መሰለ። ጸሐፊዎቹ ደጇ ላይ ተሰልፈው ያንሾካሹካሉ፤ «የእናንተም መጣ?» «ለማንኛውም ብለን ነው፣ ለማንኛውም።» ኤርሲሊያ አሥራ አራቱን ቆጥራ «ይኸው፣ እኔ ብቻ አይደለሁም» አለች። ወሬው ከራሷ አፍ እንደ ወጣ ጨርሶ ረሳችው።

«ማዶ እንዴት ነው?» ትለዋለች ኦታቪዮን፣ ዓይኗን ከካውያው ሳታነሳ።

«ደጇን በሳሙና አጠበች።»

«ጨጓራ ፈሶባት ይሆናል።»

«አዲስ የጠረጴዛ ልብስም ዘረጋች። ለሁለት ሰው።»

ካውያው ቆመ። «የተተኮሰ ነው?»

«አይደለም።»

«ሳይተኮስ!» አለችና ፊቷን አዞረች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

የጴጥሮስና ጳውሎስ ዕለት ኤርሲሊያ በጠዋት ተነሥታ ነጭ ሸሚዟን ተኮሰች፤ ደረቱ ላይ ሽንሽን ያለውን። ሙቀቱ ገና በሦስት ሰዓት አናት ይበሳ ነበር። አደባባዩ ሞልቷል። ፖፑ በመስኮቱ ብቅ አሉ፣ ጸሎቱን አደረሱ፣ ስለ ሁለቱ ሐዋርያት ተናገሩ። ከዚያ ወረቀታቸውን አጠፉ። ኤርሲሊያ የማታውቀውን ሰው ክንድ ያዘች።

«አንድ ነገር ልጨምር» አሉ ሽማግሌው። «ወንድሞቼ ካርዲናሎች ቀይ ልብሳቸውን ሁሉ አስተኩሰው እንዳዘጋጁ ሰምቻለሁ። ደስ ብሎኛል። ቅዳሜ በአውቶቡስ ሲሄዱ ይልበሱት። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

አደባባዩ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ያለቀሰችው አንዲት ተኳሽ ብቻ ናት። ፖፑን ረገመቻቸው፤ ወዲያው ደነገጠችና አማተበች፤ አማትባ ደግሞ በሆዷ ረገመቻቸው።

ወደ ሰፈር ስትመለስ ሥጋ ሻጩ ጉሊየልሞ «ሶራ ኤርሲሊያ፣ ሽማግሌው እምቢ አሉሽ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ወንበሯን አውጥታ ደጇ ላይ ተቀመጠች። ማዶ ኖርማ በሯ ላይ ቆማለች፣ ሽርጧን አጥልቃ። በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን አሰማች።

«ወረዱ?»

«አልወረዱም።»

«እኔ ነገ ጧት በሁለት ሰዓት እሄዳለሁ» አለች ኖርማ፤ ገባችም። በሩን ግን አልዘጋችውም።

ኤርሲሊያ መሬት መሬት ታያለች። ኦታቪዮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ያን ቀን ምን ነበር ያልሽው? ቃል በቃል ንገሪኝ።»

«ተወኝ ኦታቪዮ።»

«ንገሪኝ እንጂ!»

«እግሬ ደጅሽን አይረግጥም ነው ያልኩት። አንተም ቆመህ ነበር።»

«እግሬ!» ብሎ ተነሣ ኦታቪዮ። «እግሬ ነው ያልሽው። ስለ ቂጥሽ የማልሽው ነገር የለም። ከወንበሩ እንዳትነሺ። ጉሊየልሞ! ቢላህን አስቀምጥና ና!»

«ምን ልታደርግ ነው? አበድክ?»

«አራት ፖፕ ተሸክሜያለሁ፤ አንድም አልወደቀብኝም። ዝም በይና ያዥ። አንተ ጉሊየልሞ፣ በግራ እግር ጀምር። አታወዛውዛት፣ የበሬ ጭን አይደለችም!»

«ከበሬ ትከብዳለች» አለ ጉሊየልሞ እያቃሰተ።

ወንበሩ ከመሬት ለቀቀ። የጌታውን ልብስ ከኤርሲሊያ ክፍል ይዞ የወጣው አባ ቱሊዮ ይህን ሲያይ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፋው፤ ቀዩን ልብስ ክንዱ ላይ እንዳነጠፈ ከፊት ከፊት መሄድ ጀመረ። ካርዲናል ባንዲኔሊ ራሳቸው ጨጓራቸውን ሊበሉ ከመንገዱ ጫፍ ሲመጡ ነበር፤ ቀይ ልብሳቸው ሰልፍ ሲመራ አይተው ቆባቸውን አወለቁ። ኤርሲሊያ የበሩ ጉበን እንዳይመታት እጇን ስታነሳ፣ መንገዱ ቡራኬ መሰለውና «ትኑርልን!» ብሎ ጮኸ።

ኦታቪዮ ደጁ ላይ ሲደርስ ተጠነቀቀ። ኤርሲሊያ ሁለት እግሯን እንደ ሕፃን አጥፋ ሰበሰበች። ደጁን ተሻገሩ። ለሁለት ሰው ከተዘጋጀው ጠረጴዛ አጠገብ አስቀመጧትና ላባቸውን ጠረጉ።

ኖርማ ከወጥ ቤት ወጣች። እህቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። ነጩ ሸሚዝ ላይ፣ ሽንሽኖቹ ላይ ዓይኗ ቆየ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ካለው ማንጠልጠያ የራሷን ግራጫ ሻል አወረደች፤ ከእናታቸው ሻል በተረፈ ሱፍ የሠራችው ነው። በኤርሲሊያ ትከሻ ላይ ጣል አደረገችው፤ ደረቷ ላይም ሳብ አድርጋ ገጠመችው።

«የወጥ ቤቱ በር ንፋስ ያስገባል» አለች።

ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ዲግሪ ነበር። ኦታቪዮ ዓይኑን ጨፈነ፤ ጉሊየልሞ ወደ በሩ ፈቀቅ አለ። ኤርሲሊያ ላቡ በጀርባዋ ሲንቆረቆር፣ ጠዋት የተኮሰችው ሽንሽን ከሱፉ ሥር ሲልመሰመስ ይታወቃት ነበር። ሻሉን በሁለት እጇ ያዘች። አላወለቀችውም።

«ለካ ይሞቃል» አለች። «እማማ ሞቋት ነበር።»