የተረገመው ዓሣ

የእንግሊዝ ጋዜጠኞች አንድን ነገር ከልባቸው ሲያደንቁ ለምን ይራገማሉ? ይህ ጥያቄ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ አብሮኝ ኖሯል።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት እንግሊዝኛ ሳስተምር ምሳ የምበላው እትዬ ዘነቡ ምግብ ቤት ነበር። አንድ ቀን እትዬ የጋዜጣ ቁራጭ ይዘው መጡ። እሳቸው ዘንድ የዝዋይ ዓሣ በልቶ የሄደ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ ጽፎ የላከላቸው ነው።

"በአማርኛ ጮክ ብለሽ ንገሪኝ ልጄ፣ ደንበኛው ሁሉ ይስማ!"

ጋዜጣው ቃል በቃል ሲተረጎም "የተረገመ ጥሩ ዓሣ" ይላል። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እርግማን ከአፌ አልወጣ አለኝ።

"ጥሩ ዓሣ ነው ይላል" አልኩ።

"ጥሩ ብቻ? ሁለት ሳህን ጠርጎ?" ፊታቸው ጠቆረ። ምሳ የሚበሉት ሾፌሮች ሳቁባቸው።

አላስቻለኝም። "የተረገመ ጥሩ ነው የሚለው። በጣም ሲጥማቸው እንደዚያ ይላሉ" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

እትዬ እልል አሉ። "ምናለበት! እኔስ ልጄን ሳቆላምጠው 'አንተ እርጉም' አይደል የምለው?"

በሳምንቱ ስሄድ የቀበሌው መፈክር ጸሐፊ በራቸው ላይ በቀይ ቀለም "የተረገመ ጥሩ ዓሣ እዚህ አለ" ብሎ ጽፏል። ዓሣ ለመብላት የቆመው ሰልፍ አስፋልት ደርሷል። ጥያቄዬን እዚያው ትቼ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ቆምኩ።