ጉሮሮዬ መዋጥ ሲረሳ

መጀመሪያ የመጣው የማጅራት ሕመም ነው። በቀኝ በኩል፣ ከጆሮዬ ጀርባ ዝቅ ብሎ፣ ትራስ ላይ አንገቱ ተጣምሞ ያደረ ሰው እንደሚያመው ነበር። ማስታገሻ ዋጥሁበትና ሥራ ገባሁ። የምሠራው ባሕር ዳር፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል ነው። በዚያው ሳምንት እሑድ ከባልደረቦቼ ጋር በጀልባ ዘጌ ደርሰን ስንመለስ፣ ወደቡ ላይ እንደወረድሁ መሬቱ ከእግሬ ሥር ዞረ። "ጣና ነው፣ ይለቅሻል" አሉኝ። እኔም ጣና ነው አልሁ። ከዚያ ስርቅታ ጀመረኝ።

ስርቅታ ለያዘው ሰው መቼም የሚያዝን የለም። "ምን ሰርቀሽ ነው?" ብለው ሳቁብኝ። አንዷ ከኋላዬ መጥታ አስደነገጠችኝ። ውሃ ሰጡኝ፤ ውሃው በአፍንጫዬ ተመለሰ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ድምፄ ጎርንኖ የሌላ ሰው ሆኗል። የቀኝ ዐይኔ ቆብ ወርዷል። ባጃጅ ጠርተው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እጆቼን አንሺ ስባል አነሣሁ፣ እግሮቼንም አነሣሁ። አፌ አልተጣመመም። እኔ ስትሮክ ሲባል የማውቀው ግማሽ አካል ሲዝል ስለሆነ፣ ጨጓራ ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ተረኛዋ ሐኪም ግን በአልኮል የራሰ ጥጥ ግራ እጄ ላይ አስነካችና "ይቀዘቅዝዎታል?" አለችኝ። ጥጡ ይሰማኛል። ቅዝቃዜው የለም።

ኤምአርአይ ተነሣሁ። "ወደ አንጎል የኋላ ክፍል ደም ከሚወስዱት አንዱ፣ ቨርቴብራል አርተሪ፣ የውስጥ ግድግዳው ተሰንጥቆ ተዘግቷል" አለችን፣ ለእኔና ለባለቤቴ። "ስትሮክ ነው፤ የተጎዳው ሜዱላ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። መዋጥን የሚያዘው እሱ ነው።" ምን እንደሰነጠቀው ጠየቅናት። አንገት በኃይል ሲዞር ሊሆን ይችላል፣ ያለ ምንም ምክንያትም ይሆናል አለች። ከዚያ የምፈራውን ጠየቅሁ። እንደገና እበላለሁ?

"ብዙዎች ይመለስላቸዋል። ለእርስዎ ግን ዛሬ ቃል መግባት አልችልም።"

ቱቦ በአፍንጫዬ ገባ። በአፍ ምንም እንዳልወስድ ታዘዘ። ምራቄን እንኳ መዋጥ አልቻልሁም፤ እተፋለሁ። ዞር ስል ያስመልሰኛል። ስርቅታው ቀንም ሌትም አልተወኝም። ደከመኝ። ደከመኝ ብዬ ለመናገር እንኳ ድምፅ አልነበረኝም።

እናቴ ከማክሰኝት መጣች። ቱቦውን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ባለቤቴ መድኃኒት ሊገዛ እንደወጣ፣ ይዛው የመጣችውን ፍትፍት ከፈተች። "እህል ሳይቀምሱ ምን መዳን አለ? በአፍንጫ የሚበላ ማን አየ? ትንሽ ብቻ፣ በሞቴ" አለች። እናት "በሞቴ" ብላ የዘረጋችውን ጉርሻ እንዴት እንደሚመልሱት እኔ አልተማርሁም። ደግሞም ርቦኝ ነበር። አፌን ከፈትሁ። አላሳለኝም። አላነቀኝም። "አየሽ፣ ዋጥሽው" አለችና ደገመችልኝ።

የወረደው ወደ ሳንባዬ ነው። ጉሮሮዬ ደንዝዞ ስለነበር ሊያስለኝ እንኳ አልቻለም። በማግስቱ ትኩሳት ጣለኝ። አስፒሬሽን ኒሞኒያ አሉት፣ ምግብ ወደ ሳንባ ሲገባ የሚመጣ የሳንባ ምች። ትንፋሽ አጠረኝ። ኦክስጅን አደረጉልኝ። እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ "በእጄ፣ በገዛ እጄ" ትል እንደነበር የነገረኝ ባለቤቴ ነው። ሐኪሟ አጠገቧ ቁጭ ብላ "ለመጣ ሰው ሁሉ መንገር ነበረብን እማማ" አለቻት። እናቴ ግን አልተጽናናችም።

መዳኑ ቀስ ብሎ መጣ። ስርቅታው አንድ ጠዋት ሳላስተውለው ተወኝ፣ ሳንባዬም ጠራ፤ ከዚያ ፊዚዮቴራፒስቱ አገጬን ወደ ደረቴ አስጠግቼ፣ ትንፋሼን ይዤ፣ አንድ ማንኪያ ወፈር ያለ አጥሚት እንድውጥና ከዋጥሁ በኋላ ሆን ብዬ እንድስል ያለማምደኝ ጀመር፤ ልምምዱ አሰልቺ ነበር፣ አንዳንድ ቀን ማንኪያውን ባየሁ ቁጥር አለቅስ ነበር። ቱቦው ከወጣልኝ በኋላ ከባለቤቴ ጋር ጣና ዳር በእግር እንሄድ ነበር፤ ሰውነቴ ወደ ቀኝ እያዘነበለ እሱን ስለሚገፋው፣ "ዛሬስ ሐይቅ ውስጥ ልትከቺኝ ነው" እያለ ይቀልድብኛል። ግራ እጄ እስከ ዛሬ ሙቀት አይለይም፣ ሻይ የምነካው በቀኝ እጄ ነው፣ ድካሙም ከሰዓት በኋላ ሳይጠራ ይመጣል። ይህንንም ተመስገን ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

ያችን በጥጥ የመረመረችኝን ሐኪም እግዜር ይስጥልኝ እላለሁ። እናንተም እጄ ይነሣልና ስትሮክ አይደለም አትበሉ። ድንገተኛ ማዞር ከአዲስ የማጅራት ሕመም፣ ከማይለቅ ስርቅታ ወይም ከድምፅ መጎርነን ጋር ከመጣባችሁ፣ ሳቁ ይቆይና ሆስፒታል ሂዱ። አስታማሚዎች ደግሞ መዋጥ ይችል እንደሆነ ሳትጠይቁ ለበሽተኛ ምንም አታቅምሱ፤ ጠያቂ ሲመጣም ቀድማችሁ ንገሩ። ማንም በክፋት አያጎርስም።

እናቴ አሁን ከእኛ ጋር ትኖራለች። ቀስ ብዬ እስከበላሁ ድረስ ማንኛውም ምግብ ተፈቅዶልኛል። ማዕድ ስንቀርብ ልጆቼን ታጎርሳለች፣ ባለቤቴን ታጎርሳለች። ለእኔም ትጠቀልላለች፤ ወደ አፌ ታነሣውና እጇ መንገድ ላይ ይቆማል። ከዚያ በእኔ በኩል ታስቀምጠዋለች። "በይ፣ ራስሽ ጉረሺ" ትለኛለች። አንሥቼ እጎርሳለሁ። እስክውጠው ድረስ ዐይኗን ከጉሮሮዬ ላይ አታነሣም።