ጣሪያ የወጣው ብርድ ልብስ

ባሌ ፈሪ ነው። ይህን የምለው ላማው ፈልጌ አይደለም፤ እሱ ራሱ ለደንበኞቹ የሚናገረው ነው። ሰው ደውሎ «የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ ጣሪያ ላይ ትተክላለህ አሉ?» ሲለው፣ «እተክላለሁ፤ ግን ፈሪ ነኝና ጊዜ እወስዳለሁ» ይላል። ግማሹ ደንበኛ እዚያው ስልኩን ይዘጋዋል። በቀረው ግማሽ እንኖራለን።

ፍርሃቱ የጀመረው ከዶሮ ቤት ነው። በወጣትነቱ የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ አራተኛ ፎቅ ጫፍ ላይ፣ በአንድ እጁ ቱቦ በሌላው ዳቦ ይዞ እንደ ልቡ ይራመድ ነበር አሉ። ታዲያ አንድ ቀን የጎረቤት ዶሮ ቤት ያፈሳል ተብሎ ሊያይ ወጣና ወደቀ። ከፍታው ከእኔ ቁመት እምብዛም አይበልጥም። የትከሻው አጥንት ተሰበረ፤ አንዲት ዶሮም ሥሩ ሆና ሞተች። ሆስፒታል ገብቶ «ከየት ነው የወደቅከው?» ሲሉት እውነቱን መናገር አፍሮ «ከፎቅ» አለ። እኔ ያኔ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ከፎቅ ወድቆ የተረፈ ጎበዝ አለ ሲባል ሰምቼ ላየው ሄድኩ፤ በዚያው ቀረሁ። የዶሮዋን ነገር የነገረኝ ከሠርጋችን በኋላ ነው።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ፣ ከዚያ ወዲህ ጣሪያ በወጣ ቁጥር ሥነ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ባትሪ ይዞ ኮርኒስ ውስጥ ይገባና ውሃ የሞላውን ታንከር ይሸከም እንደሆነ እንጨቱን አንድ በአንድ እያንኳኳ ይመረምራል። የቤቱ ባለቤት ሳሎን ተቀምጦ አናቱ ላይ ኳ ኳ ሲል ይሰማል። ከዚያ ይወጣና ሰማይ ያያል። ነፋስ ካለ የዚያን ቀን ሥራ የለም፤ «ይሄን የሚያህል መስታወት ነፋስ ከያዘው እኔንም ይዞኝ ነው የሚሄደው» ይላል። መሰላሉን ከጣሪያው ጠርዝ ሦስት መወጣጫ አሳልፎ ያቆምና ጫፉን ያስረዋል። ቀጥሎ በገመድ ከጣሪያው ጋር የሚያስረውን የደህንነት ቀበቶ ሲታጠቅ «ቀኝ እግር፣ ግራ እግር፣ ደረት፣ ማያያዣ» እያለ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንዱን ከዘለለ እንደገና ከቀኝ እግር ይጀምራል። ቆርቆሮው ላይም የሚረግጠው ሚስማር ሚስማሩን ተከትሎ ነው፤ ከሥሩ እንጨት ያለው እዚያ ነዋ።

ሁልጊዜ ሁለት ቀበቶ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው የእንግዳ ነው። የቤቱ ባለቤት «እስቲ እኔም ልየው» ብሎ መሰላሉን መያዙ አይቀርምና። እኔ ከሥራ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ የእኔ ድርሻ መሰላሉ ሥር መቀመጥ ነው። እሱ ጣሪያ ላይ ኖረም አልኖረም፣ መሰላሉ እስከቆመ ድረስ አልነሳም። ሹራብ የመሥራት ሙያዬን ያሻሻልኩት እዚያ ነው።

አንድ ሌላ ሕግ አለው። ማሞቂያው ውሃ እስኪገባበት ድረስ መሸፈን አለበት። «ባዶውን ፀሐይ ከመታው እንደ ምድጃ ይግላል» ይላል። «እጅ ይልጣል። በጋለው ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከለቀቅሽበት ደግሞ መስታወቱ ይፈነዳል።» ለዚህ የሚሆን ሰማያዊ ሸራ አለው።

ይህን ሁሉ የማወራው እናቴ ቤት የሆነውን ለመናገር ነው። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው። ጉልበቷ ካስቸገራት ቆይቷል፤ እንዲያም ሆኖ በየቀኑ ውሃ አፍልታ፣ ማንቆርቆሪያውን በሚንቀጠቀጥ እጇ ይዛ ኮሪደሩን ታቋርጣለች። ባለፈው ዓመት እግሯ ላይ ደፋችው። ባሌ ማሞቂያ ልትከልልዎት ብሎ ስንት ጊዜ ለመናት! እሷ ግን እምቢ አለች። የጠላችው ማሞቂያውን ሳይሆን ተካዩን ነው። «ወንድ ልጅ እንደ ፍየል ታስሮ ቤቴ ላይ ሲውል ጎረቤት ምን ይለኛል?» ትላለች። በመጨረሻ ጉልበቷ አሸነፋትና እሺ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። እናቴ ጎረቤት ሄዳለች። ባሌ ኮርኒሱን አንኳኳ፣ ሰማዩን አየ፣ መሰላሉን አሰረ። «ሸራውን አቀብዪኝ» ሲለኝ ክው አልኩ። ሸራውን አጥቤ ቤት አስጥቼዋለሁ። ካልተሸፈነ ሥራ የለም እንደሚለኝ አውቃለሁ። ተመልሼ መሄዱ ታከተኝና እናቴ መኝታ ቤት ገባሁ።

አልጋዋ ሥር፣ ከነላስቲኩ፣ ባለ ጣዎሱ ብርድ ልብስ አለ። የእንግዳ ብርድ ልብስ ነው። ለእሱ የሚመጥን እንግዳ ግን እስከ ዛሬ አልመጣም። አባቴ እንኳ አንድ ቀን ሳይለብሰው ነው የሞተው። አወጣሁትና ለባሌ አቀበልኩት።

«እማማ ፈቅደዋል?» አለኝ።

«ፈቅዳለች» አልኩት። ዋሸሁ።

ረፋዱ ላይ ማሞቂያው ተተክሎ አለቀ። ባሌ ወርዶ ቀበቶውን ፈታና ቧንቧውን ሊያገናኝ መታጠቢያ ቤት ገባ። እናቴ የተመለሰችው ያን ጊዜ ነው። ቀና ብላ ጣሪያዋን አየች። ጣዎሱ ፀሐይ ላይ ተዘርግቷል፤ አናቱ ላይ እርግብ ተቀምጣለች። እናቴ ፈገግ ብላ ወደ እኔ ዞረች። መፍራት የነበረብኝ ያኔ ነበር።

«ልጄ፣ ጨው አልቋል» አለችኝ በለሰለሰ ድምፅ።

«እማዬ፣ መሰላሉን ትቼ መሄድ አልችልም።»

«እናትሽን ጨው ልትከለክያት ነው?»

አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ተነስቼ ሄድኩ።

ስመለስ መሰላሉ ሥር የእናቴ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ተደርድሮ ቆሟል። ቤት ስትገባ እንደምታወልቀው አውልቃ ነው የወጣችው። ቀና አልኩ። ማሞቂያው አጠገብ በካልሲ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሱን አራት አጥፋ ታቅፋዋለች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«እማዬ!»

«አትጩሂብኝ፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።»

«ውረጂ እንጂ!»

«ስወጣ የታየኝ ብርድ ልብሱ ብቻ ነው» አለች። «መውረዱን አላሰብኩበትም።»

በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኸው። ትንሽ ልትንፏቀቅ ስትሞክር ካልሲዋ ሸርተት አለና አንዲት ሚስማር ላይ ቆመ። ልቤ አብሮ ሸርተት አለ። ባሌን ስሙን እየጠራሁ ጮህኩ። መጣ፣ አየ፣ ጎንበስ ብሎ ቀበቶውን አነሳ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ቀኝ እግር» አለ።

«ገመዱን ተወው! ውጣ! እናቴ ናት እኮ!»

«ግራ እግር።»

ሸሚዙን ያዝኩት። ጎረቤት ሁሉ አጥር ላይ ተሰብስቦ እያየ ሰደብኩት። «አንተ የዶሮ ቤት ጀግና! ለራስህ ነው የምትፈራው! እሷ ስትወድቅ አንተ ትቆጥራለህ!» አልኩት። ደረቱ ላይ ያለውን ማሠሪያ ሁለቴ ሳተው። «ደረት» አለ በሦስተኛው። «ማያያዣ» አለ። ሁለተኛውን ቀበቶ ትከሻው ላይ ጣለና ወጣ። ምናልባት ሁለት ደቂቃ ቢሆን ነው። ለእኔ ዓመት ነበር።

«እማማ፣ መጣሁ። እንዳይነሱ» አላት ሚስማር ሚስማሩን እየረገጠ።

«ማን ይነሳል!»

አጠገቧ ደርሶ ቀበቶውን ሊያስራት ሲል የማሞቂያው ግለት ፊቱን መታው። ከራሷ አጠገብ ያለው ቱቦ እጅ የሚያስነካ አልነበረም።

«እማማ፣ ብርድ ልብሱን ይስጡኝ፤ ይሄ ነገር እንዳያቃጥልዎት ልሸፍነው።»

«አልሰጥም። እርግብ ተቀመጠችበት።»

«እርግቧ ሄዳለች።»

«ትመለሳለች።»

«እማማ፣ እኔ አጥበዋለሁ።»

«አንተ? በል እሺ፤ በግልባጩ አልብሰው።»

በግልባጩ አለበሰው። ከዚያ ቀበቶውን ከቀሚሷ በላይ ማሰር ጀመረ። «ቀኝ እግር» ሲል እናቴም ከኋላው ተከትላ «ቀኝ እግር» አለች፤ ትምህርት ቤት እንደገባ ልጅ እስከ ማያያዣው አብራው ቆጠረች። ገመዱ እሷንም ያዘ። እኔ ከታች መሰላሉን በሁለት እጄ አንቄ ቀረሁ።

ወዲያው አላወረዳትም። ትንሽ አርፋ እስክትረጋጋ ድረስ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ባለፉት ሃያ ዓመታት ለብቻቸው ያን ያህል ተቀምጠው አያውቁም።

«ቅድም ልጄ የዶሮ ቤት ስትል የነበረው ምንድን ነው?» አለችው።

ከፎቅ መውደቁን ነበር እስከዚያ የምታውቀው። እውነቱን ነገራት። ቆርቆሮው እስኪንኳኳ ሳቀች።

«ዶሮዋስ?»

«ሞተች። እሷም ገመድ አልነበራትም።»

ሲወርዱ እሱ ከሥር ሆኖ እያንዳንዱን እግሯን በእጁ እየያዘ መወጣጫው ላይ ያስቀምጥላት ነበር። መሬት ስትረግጥ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀች፣ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ወደ እኔ ዞረች።

«ጨውስ?» አለችኝ።

ማሞቂያው በጣም ስለጋለ ውሃ መልቀቁ ለነገ ተባለ። ጎረቤቱ ተበተነ። ባሌ መሰላሉ ሥር ተቀምጦ ገመዱን ይጠቀልላል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ይዤለት መጣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ገመዱን ተወው ስልህ» አልኩት፣ «ልትወድቅ ትችላለህ ብዬ አላሰብኩም። አንተን ጨርሶ አላሰብኩህም።»

«ሰምቼሻለሁ።»

«አልከፋህም?»

«እናትሽ ናት፤ ሌላ ምን ልትይ ነበር?» ገመዱን አንድ ዙር ጠቀለለ። «ከሁለታችን አንዳችንን ምረጪ ቢሉሽ እሷን ትመርጫለሽ፤ ልክ ነሽ። እኔ ግን እንድትመርጪ አልፈለግሁም። ሁለታችንንም ልመልስልሽ ነው የቆጠርኩት።»

መሰላል ሥር ተቀምጬ ስጠብቀው የኖርኩት ሰው እኔን ሲጠብቅ እንደነበር አላወቅኩም ነበር። አለቀስኩ፤ ሹራቤን ፊቴ ላይ አድርጌ እንደ ልጅ ነው ያለቀስኩት። ውሃውን ጠጥቶ ብርጭቆውን መለሰልኝና ተነሳ።

«ሸራውን ከቤት ላምጣና የእማማን ብርድ ልብስ ላውርድ» አለ። «መሰላሉን እንዳትለቂ።»

ሄደ። እናቴ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ። አልተነሳሁም።