ካውንት ሚ ኢን ያልኩ ዕለት

ግቢያችን ውስጥ አንዲት የእንግሊዝኛ አስተማሪ ተከራይታ ትኖራለች። ከደቡብ የመጣች ልጅ ናት፤ የደብረ ታቦር ብርድ አጥንቷ ድረስ ገብቶባት በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ደርባ ትወጣለች። ሰፈሩ በሙሉ ቲቸር ይላታል፣ እኔም ቲቸር እላታለሁ። አመሻሽ ላይ የልጅ ልጄን በረንዳ ላይ አስቀምጣ ታስጠናታለች። እኔ ደግሞ ሰው ሲማር አጠገቡ መቀመጥ እወዳለሁ። ፊደል የቆጠርኩትም እንዲሁ ነው፤ ልጆቼ ሲያጠኑ ትከሻቸው ላይ አጎንብሼ።

አንድ ቀን ምስር እየለቀምኩ ስሰማ የልጅ ልጄ ካውንት ሚ ኢን፣ ካውንት ሚ ኢን ትላለች። ደጋግማ ስላለችው ዶሮዎቹ ሳይቀሩ ሳይለምዱት አይቀሩም። ምን ማለት ነው ብዬ ቲቸርን ጠየቅኋት። ሰዎች አንድ ነገር ሊያደርጉ ሲነሱ፣ አንቺም አብረሽ መሆን ስትፈልጊ የሚባል ነው፤ እኔንም ቁጠሩኝ እንደማለት ነው ብላ ለልጅቱ አስረዳችና ወደ እኔ ዞራ በእርስዎታ ደገመችልኝ።

ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ ፊደል ይቆጠራል እንጂ ሰው አይቆጠርም። ሰው ብቻም አይደለም፤ በጉንም፣ ጫጩቱንም፣ የንብ ቀፎውንም ጣት ቀስሮ አንድ ሁለት ማለት ነውር ነው። የተቆጠረ ነገር ዓይን ይገባበታል፣ ይጎድላል። እናቴን ስንት ልጅ አለሽ ሲሏት መልሷ እግዜር የሰጠኝን ያህል ነበር። እነዚህ እንግሊዞች ምን ዓይነት ደፋሮች ቢሆኑ ነው፣ በገዛ አፋቸው ኑና ቁጠሩን የሚሉት?

ቲቸር ሳቀች። ታዲያ ለሰርግ መኪና ሲያዝ ስንት ሰው እንደሚሄድ በምን ታውቃላችሁ አለችኝ። በሽምብራ አልኳት። የሚሄደው ሁሉ አንዳንድ ፍሬ ጣባ ውስጥ ይጥላል፣ ከዚያ የሚቆጠረው ሽምብራው ነው። ሽምብራን ዓይን ቢበላው ማን ያዝናል? እሷም በፋንታዋ ካውንት ሚ አውት የሚባል ሌላ አስተማረችኝ፤ እኔን ተዉኝ፣ የለሁበትም ማለት ነው። ይኼኛውን ማጥናት አያስፈልገኝም፣ ሳልጠይቃቸው ይሉልኛል አልኳት።

ያለ ነገር አላልኩም። ከጥምቀት በኋላ ጉና ሥር የእህቴ የልጅ ልጅ ሰርግ ነበር። እህቴን ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ጀምሮ አላየኋትም። ያን ቁልቁለት ጉልበቷ አያወርዳትም። ሰው ወደ ከተማ በወረደ ቁጥር «ሳላይሽ ልሞት ነው» ብላ ትልክብኛለች። ይህን ማለት የጀመረችው ገና ኮረዳ ሳለን ነው፤ አሁን አሁን ግን ነገሩ ወደ እውነት እየቀረበ መጣ።

ልጄ እንዳልሄድ ወስናለች። ምክንያቷ ጉልበቴ ነው ትላለች፣ እውነተኛው ምክንያት ግን አንበሳሜ ከተማ የሆነው ነገር ነው። አምና ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ መኪናው አንበሳሜ ቆመ፤ እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ። አንዲት ገበያተኛ የምትሸጣት ዶሮ አምልጣባት ስትሯሯጥ አየሁ። ሰው ሲቸገር እያዩ መቆም ይቻላል? እሷ በዚያ፣ እኔ በዚህ፣ ዶሮዋ ከቤቶቹ ጀርባ፣ ከዚያ ወደ ድንች ማሳ። በመጨረሻ የያዝኳት እኔ ነኝ። ሴትዮዋ ደስ ብሏት ቤቷ አስገብታ ጠላ ስትቀዳልኝ፣ መኪና ሙሉ ሰው እኔን ፍለጋ ገበያውን ሲያምስ ዋለ። ልጄ ይህን እስከ ዛሬ ታነሳብኛለች።

እንግዲህ መኪና ለመያዝ ዘመድ ቤታችን ተሰበሰበ። አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ቢሮ የሚውል ሰው ነው፤ ነገር ሁሉ በፕሮግራም እንዲሆንለት ይወዳል። ጣቱን ቀስሮ እኛን መቁጠር ሲጀምር የነፍስ አባታችን ጣትህን ሰብስብ አሉት። ልጄ ጣባ አመጣች። ጥሬ ሽምብራ ቤት ስላልነበረ የታደለን የተቆላው ነው። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ሁሉም ጣለ። ጣባው እኔ ዘንድ ሲደርስ ልጄ በእጇ ከለል አደረገችው።

«እማዬ፣ አንቺ ቤት ትጠብቂያለሽ።»

ከመደቡ ተነሳሁና «ካውንት ሚ ኢን» አልኩ።

አማቼ እንግሊዝኛ ሲሰማ ቀጥ ብሎ የመቀመጥ ልማድ ስላለው ቀጥ አለ። የልጅ ልጄ በነጠላዋ አፏን ያዘች።

«በምንድን ነው የማልሽው ልጄ?» አሉ የነፍስ አባታችን። በዕድሜ ያንሱኛል፣ ግን ልጄ ነው የሚሉኝ።

«መሐላ አይደለም አባ። እኔንም ጨምሩኝ ማለት ነው።»

«ታዲያ ምን ክፋት አለው? ትጨመር።»

ልጄ ለእንግሊዝኛው ሳይሆን ለእሳቸው ስትል እጇን ከጣባው አነሳች። ሽምብራዬን ጣልኩ።

አማቼ ከሾፌሩ ጋር በስልክ ሊነጋገር ደጅ ሲወጣ፣ ጣባው በአደራ ለነፍስ አባታችን ተሰጠ። እሳቸው ጨዋታ አዋቂ ናቸው። ሙሽራውን እንደተሸከመች የሌላ ሰው ሰርግ ቤት ስለገባች በቅሎ፣ ሙሽራውም ማፈሩን ትቶ እዚያው በልቶ ጠጥቶ ስለመውጣቱ አጫወቱን። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። በመሐል ቀርጠፍ ቀርጠፍ የሚል ነገር ሰምቻለሁ፤ ጨዋታው ጥሞኝ ነበርና ልብ አላልኩትም።

አማቼ ተመልሶ ሽምብራውን ቆጠረ፤ ፊቱ በራ። ያን ሁሉ ዘመድ ፈርቶ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ሊይዝ ነበር፣ ለካ ሚኒባስ ይበቃናል።

የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞላ፣ ደጅ ደግሞ የሰርጉን ድንኳን ከጫነው የጭነት መኪና አጠገብ ገና የቆመ ሰው ነበር። አማቼ ወደ ውስጥ ያያል፣ ወደ ውጭ ያያል፣ ጣቱን ሊቀስር ይልና የነፍስ አባታችንን ፊት ወንበር ላይ ሲያይ ኪሱ ይከተዋል። እኔ ማልጄ ገብቼ መስኮት ሥር ተቀምጫለሁ፤ ጉና ብርድ ስለሆነ በርበሬ አያበቅልም፣ ለእህቴ የያዝኩላትን በርበሬ ታቅፌያለሁ። የልጄ ዓይን ወንበሩን ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ አረፈ።

«እማዬ፣ ሌላ ጊዜ ለብቻሽ እንወስድሻለን።»

ይህን ሌላ ጊዜ የሚሉትን አውቀዋለሁ፣ መጥቶ አያውቅም። እንግሊዝኛዬን ብፈልገው ጠፋብኝ። በርበሬዬን ይዤ ልወርድ ስነሳ ከፊት ወንበር ጉሮሮ የመጥረግ ድምፅ ተሰማ።

«ተቀመጪ ልጄ። ሰዎቹን የቆረጠምኳቸው እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። አንገታቸውን ደፍተው አስረዱ፤ ጨዋታ ሲይዛቸው እጃቸው የሚሠራውን እንደማያውቁ፣ ሽምብራውም ጨው ቢጤ ጣል ተደርጎበት እንደነበር። አማቼ ስንት እንደበሉ በትሕትና ቢጠይቃቸው አልቆጠርኩም አሉት። ከዚያ መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ድንኳን ከጫነው መኪና ጋር እሄዳለሁ ብለው።

የነፍስ አባቱን ጭነት ላይ የሚሰቅል ማን አለ? አማቼ ለሰርጉ ባሰፋው ነጭ ሱፍ ከተረፉት ጎረምሶች ጋር ድንኳኑ ላይ ወጣ። የጭነት መኪናው ከፊታችን ሆኖ ጉናን ሲያያዘው፣ እሱ የድንኳኑን ምሰሶ አቅፎ፣ ክራቫቱ በነፋስ ወደ እኛ እየተውለበለበ፣ ሱፉ ቀስ በቀስ የመንገዱን መልክ ሲይዝ እናያለን። ልጄ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ቆየችና ኋላ ነጠላዋ ውስጥ ተደበቀች።

ስንደርስ እህቴ በርኖሷን ለብሳ ከግድግዳ ሥር ፀሐይ ትሞቃለች። ዓይኗ ደክሟል፤ ማነው አለች። እኔ ነኝ አልኳት። ፊቴን በመዳፏ ዳሰሰች፣ ቀጥላ በርበሬውን ዳሰሰች።

«ይኸን ያህል ቆይተሽ ይኼ ብቻ ነው?»

ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች ብትጠይቁኝ አላውቅም። ልጄ እናቴ ደግሞ የት ጠፋች እያለች በየመሐሉ ብቅ ትላለች፤ በመጣች ቁጥር እዚያው ግድግዳ ሥር፣ በአንድ በርኖስ ውስጥ ሁለት ሆነን ታገኘናለች።