የምሥራቁን ወገን የሚጠብቀው

ወንድሜ ያንን ጨዋታ ስልኬ ላይ የጫነልኝ ተቀይሜው ሳለ ነው። ለገና እኛ ዘንድ ንፋስ መውጫ መጥቶ፣ በገባ በማግስቱ የተቀደደ ጃኬቱን የስፌት መኪናዬ ላይ ወርውሮልኝ ከጓደኞቹ ጋር ሲዞር ዋለ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ እንጂ የሱ ገረድ አይደለሁም። ሲመለስ አፌን ከፈትሁበት። እሱ ደግሞ ሲሰድቡት የሚስቅ ጉድ ነው፤ ስልኬን ከእጄ ነጥቆ ነካካና «እንኪ ኮረንቲ፣ ሰው ከምትነዝሪ ይኸን ተጫወች» አለኝ። እሱ ዘንድ ከልጅነታችን ጀምሮ ስሜ ኮረንቲ ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ባዶ መሬት ይሰጠናል። ወንዝ ዳር ጄኔሬተር ይተከላል፣ ከሱ ሽቦ ይዘረጋል፣ ሽቦው መብራቱንና መድፉን ያንቀሳቅሳል። ከዚያ የብረት አንበጣ ይመጣል። አንበጣው ሰው አይነካም፣ ቤት አያፈርስም፣ ሽቦ ብቻ ነው የሚበላ። ሽቦው ከተቆረጠ መድፉ ዝም ይላል፤ መድፉ ዝም ካለ አንበጣው እንደ ልቡ ነው። ስለዚህ ብልሃቱ ተኩሱ ላይ አይደለም። አንዱ መስመር ቢበላ ኃይሉ በሌላ በኩል ዞሮ እንዲመጣ አድርጎ መዘርጋት ነው። ሁለት ሰው በየስልኩ ሆኖ አንድ አገር ይይዛል። እሱ የምሥራቁን ወገን ያዘ፣ እኔ የምዕራቡን፣ መሐል ላይ አንድ ትልቅ መስመር አገናኘን።

ሠላሳ ዓመት ያለፋት፣ ባል ፈትታ ከእናቷ ጋር የምትኖር ሴት አንበጣ ላይ መድፍ ስትተኩስ ብታዩ ትስቁ ነበር። እናቴም ሳቀች። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» አለች። መብራት መጥቶ በማያድርበት ከተማ ስልክ ውስጥ መብራት መዘርጋት ለሷ ሌላ ስም አልነበረውም። እኔ ግን ወደድሁት፤ ምን ይደረግ! ስልኬን በትንሽዬዋ ሶላር እየሞላሁ፣ ደንበኛ ሲጠፋ እዘረጋለሁ፣ አንበጣ ሲመጣ እሳደባለሁ።

ወንድሜ እስቴ ወረዳ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ የፊዚክስ መምህር ነበር። እዚያው ካገባ ገና ዓመት አልሞላውም። ከጥምቀት በኋላ ሲመለስ አጎታችን፣ የአባቴ ወንድም፣ «የልጁን ጎጆ ልይለት» ብለው አብረውት ሄዱ። አጎታችን ቄስ ናቸው፤ አባታችን ካረፈ ወዲህ የቤተሰባችን ትልቅ እሳቸው ናቸው። እነሱ እንደሄዱ መንገዱ ተዘጋ። ለምን ተዘጋ ብሎ የሚጠይቅ የለም እኛ ዘንድ፤ መቼ ይከፈታል ነው የሚባለው። ኔትወርኩም እንደ ሐምሌ ፀሐይ ሆነ፣ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ደውሎ ለመነጋገር አይበቃም። የጽሑፍ መልእክት ግን ያደርሳል፣ ጨዋታውም ከዚያ የበለጠ አይፈልግም። እኔ የዘረጋሁትን ይዞ ይሄዳል፣ እሱ የዘረጋውን ይዞ ይመጣል።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ጨዋታ መሆኑ ቀረ። እናቴ ሳቋን ትታ ጠዋት ጠዋት የምትጠይቀኝ እሱን ሆነ።

«ተጫወተ?»

«አዎ፣ ተጫውቷል።»

«እሰይ! አለ በይኛ!»

ጽሑፍ አታነብ፣ የጽሑፍ መልእክት ለሷ ምኗም አይደለም። እጁ ያረፈበትን ነገር ነው የምትፈልግ። ስልኩን አሳያታለሁ፣ ምሥራቅ በኩል ያሉትን መብራቶች በጣቷ ትነካካለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። ልጇ በሕይወት መኖሩን የምታውቅበት ሌላ መንገድ አልነበራትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ከመልእክቱ ይልቅ የማምነው እሱን ነበር።

ወንድሜ ሲጫወት ሽፍታ ነው። የተበላ ሽቦ አይጠግንም፤ ለአንበጣው ትቶለት ራቅ ብሎ ሌላ ይዘረጋል። «ጠግን እንጂ አንተ ጥጋበኛ! የኔን ኃይል እየጨረስህ!» ብዬ እጽፍለታለሁ። «የተበላ ተበላ፣ ምን አስለቀሰሽ» ይለኛል። እናደዳለሁ፣ እሱ ይስቃል። አይ እሱ!

ጾሙ እኩሌታው ላይ ሲደርስ፣ ለደብረ ዘይት ሰሞን፣ ምሥራቁ ፀጥ አለ። ኔትወርኩ ይመጣል፣ የኔ ይሄዳል፣ ከሱ የሚመጣ የለም። አንበጣው እየበላ እየበላ መጣ፣ መብራቶቹ አንድ ባንድ ጠፉ፣ ትልቁ መስመር ጥግ ደረሰ። እናቴ «ተጫወተ?» ስትል «ኔትወርክ የለም» እላለሁ። የደንበኛ ሱሪ አንዱን እግር አሳጥሬ ሰፍቼ ሰውዬው ሊገድለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ስከፍተው ምሥራቁ በርቷል። ሽቦው ተጠግኗል። እናቴን ከጓዳ ጠራኋት፤ አየችና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞራ ተሳለመች፣ ከዚያ «አንተ እርጉም፣ እንዲህ ልቤን አውልቀህ!» ብላ ስልኩን ተቆጣችው። ያን ጠዋት ሁለታችንም ስንስቅ አረፈድን።

ማታውን አይደለም፣ እዚያው ከሰዓት በኋላ ነው ደስታዬ የቀዘቀዘ። ቁጭ ብዬ ስመለከተው ሽቦው በሙሉ የተጠገነው በተበላበት በተበላበት ቦታ ነው። ቁራጩ ከቁራጩ ጋር፣ አንድም ሳይዘለል። የልብስ ሰፊ ዐይን የሌላ ሰፊ እጅ አይስተውም፤ ይኸ የወንድሜ እጅ አይደለም። ታሞ ነበር፣ አስተዋይ ሆኗል ብዬ ራሴን ሸነገልሁ። በማግስቱ ደግሞ መድፉን ሁሉ ባንድ መስመር ጭኖበት ፊውዝ አቃጠለ። ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ደነገጥሁ።

«የፊዚክስ መምህር ፊውዝ ያቃጥላል? ተማሪዎችህ ይስሙልህ!» ብዬ ጻፍሁ።

መልሱ ቆይቶ መጣ። «ደክሞኝ ነው እትዬ። እናታችን ደህና ናት?»

እትዬ! ዐይኔን ግንባር ያርገው! ወንድሜ ኮረንቲ፣ እብድ፣ አለቃ ብሎኛል፤ እትዬ ብሎኝ ግን አያውቅም። እትዬ የምትለኝ አንዲት ሰው ብቻ ናት፣ ሚስቱ። ስልኩ እሷ እጅ ነው። ታዲያ እሱ የት ነው?

«አንቺ ነሽ?» ብዬ ጻፍሁ። ሳልልከው አጠፋሁት። ከጠየቅኋት ትነግረኛለች። ከነገረችኝ እጮሃለሁ። ከጮኽሁ እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ናት። በኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ዘመድና ጎረቤት ደጅ ይሞላል፣ ትልቅ ሰው ይናገራል፣ እናት ራሷን ስትጥል የሚይዝ እጅ አለ። ልጅ ለእናቷ ብቻዋን የምታረዳበት ሥርዓት የለም። ደግሞስ ምን ብዬ? «እትዬ ስላለኝ ሞቷል» ልበል? ታስሮ ይሆናል፣ ታሞ ተኝቶ ይሆናል፣ እጁን ተመትቶ ይሆናል። ልቤ ሲያውቅ አፌ ሰበብ ይሰበስብ ነበር።

እናም ከወንድሜ ሚስት ጋር መጫወት ቀጠልሁ። ምስኪን፣ አታውቅበትም። ትፈራለች። አንድ መብራት እንዳይጠፋባት ስትል ሁሉን ለማዳን ትሞክራለች፣ ሁሉን ለማዳን ስትሞክር ፊውዝ ታቃጥላለች። እኔ ካለኝ ላይ ቀንሼ በትልቁ መስመር ኃይል እለቅላታለሁ፤ በዚያ ቀዳዳዋን ትደፍናለች። ስለ እሱ አንድ ቃል ሳንነጋገር እንዲህ ሆነን ከረምን። ጠዋት ጠዋት እናቴ «ተጫወተ?» ትላለች። «ተጫውቷል» እላለሁ። ምላሴን ቆርጬ ብጥለው ደስ ባለኝ!

ፋሲካ መጣ። ከፋሲካ በኋላ እንደ አገሩ ሠርጉ ተከታተለ፣ ጎረቤታችን ልጁን ዳረ። እናቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ጠየቀችኝ፤ መለስሁላት። ደስ ብሏት ሄደች። ድንኳኑ ቅርብ ስለነበር እልልታዋ እቤት ድረስ ይሰማኛል፣ የናቴን እልልታ ከመቶ ሴት መሐል አውቀዋለሁ። ጭብጨባውም ዘፈኑም ጆሮዬን ሲበላው መኪናዬን እየረገጥሁ ላለመስማት ሰፋሁ።

መንገዱ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው። መከፈቱን ሰምተን ገና ሳንደሰት፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ደጃችን ላይ የእግር ኮቴ በዛ። እናቴ ተነስታ የዘር ገብስ ትለቅም ነበር። በሩን ስከፍት መንደሩ ቆሟል፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከፊት አጎታችን። እናቴ ከሰፌዱ ቀና አለችና መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ያሏት ልጆች ሁለት ናቸው፣ አንዷ አጠገቧ ቆማለች። አጎታችን አፋቸውን ሳይከፍቱ ገባት።

እኔ ቀድሜያት ጮኽሁ። ስንት ጊዜ አፍኜ የያዝሁት ነው፣ በአንድ ጊዜ ወጣ።

ሰው ከተረጋጋ በኋላ አጎታችን ነገሩን። ሆዱን ታመመ። ደብረ ታቦር ካልደረሰ አይድንም ተባለ። መንገዱ ዝግ ስለሆነ በቃሬዛ ተሸክመው ወጡ፣ ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ አለፈ፣ ተሸክመውት ተመለሱ። እዚያው መካነ ኢየሱስ ተቀበረ።

«እኔ ሳልደርስ ማንም እንዳይናገር ብዬ የገዘትሁ እኔ ነኝ» አሉ። «ያንን የስልክ ነገርም እኔ ነኝ ያዘዝኋት። እናቱ ደህንነቱን የምታውቅ በዚያ ነው አለችኝ። በይ እንግዲያ አታቋርጪ አልኋት።»

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ስልክ ነክተው የማያውቁ ሰው፣ ባሏን ገና የቀበረችውን ልጅ አንበጣ ጠብቂ ብለው አዘዙ። ልቆጣቸው አፌን ከፈትሁ፣ ግን በእግር ሲመጡ የቆሰለውን እግራቸውን አየሁት። ለክፋት አላደረጉትም። ያገር ሥርዓት ነው፣ እኔም ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር፣ አድርጌዋለሁም።

እናቴ «አርባው መቼ ዋለ?» አለቻቸው።

ነገሯት። ሒሳቡን በልቧ ስትሠራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ዐይኗ ፈጠጠ።

«እልል ብያለሁ እኮ» አለች። «ጎበዝ፣ እናንተም ሰምታችኋል እኮ! በልጄ አርባ እልል ብያለሁ!»

ፊቷን ልትቧጥጥ እጇን ስትሰነዝር ሴቶቹ ያዟት። የሚይዝ እጅ እስኪገኝ ነበር ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቅነው። እጁ ተገኘ፤ ቀብሩም ፍትሐቱም አርባውም ያለሷ አልፈዋል። ወደ እኔ ዞራ «ሲጫወት ከረመ ያልሽኝ ማን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሚስቱ ናት እምዬ» አልኋት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። ብትሰድበኝ፣ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወደ መቃብሩ ልንሄድ ቀን ቆረጥን። ቀኑ ሳይደርስ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ።

ገና ልቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለን ኔትወርኩ ብልጭ አለና መልእክት ገባ። «እትዬ፣ አባ ደረሱ? ነገሯችሁ? አሁን ልተወው?»

ለናቴ አነበብሁላት። ተይው ብዬ ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አድርጋ ይዛኝ አታውቅም።

«ተይው እንዳትያት» አለች። «እኔ የቀበርሁት የለኝም። ሬሳውን አላየሁ፣ አፈሩን አልነካሁ። እሱ እዚያ እየበራ ነው። አጥፊው ልትያት ነው?»

«እምዬ፣ እሱ አይደለም እኮ! ልጂቱ ናት! ባሏን ቀብራ እንኳ በወጉ ሳታለቅስ የከረመች ልጅ ናት!» አልሁ፣ ጮክ ብዬ፣ ለቀስተኛው እየሰማ። እናቴ እጄን አልለቀቀችም። እሷ ስታለቅስ፣ እኔ ስቆጣ፣ ጎረቤቶቹ መሐል ገብተው ሲለምኑን ጊዜው ሄደ። መጨረሻ ላይ እጇ ላላ፣ ፊቷንም ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔም «ተይው የኔ እኅት። አሁን አልቅሺ» ብዬ ጻፍሁና ላክሁት።

ኔትወርኩ ግን ሄዶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ስልኩን ሶላሩ ላይ ሞልቼ በየቀኑ እከፍተዋለሁ፤ መልእክቱ ሥር አልተላከም ይላል። ዛሬም አልተላከም ይላል።