ጀርባ የሌለው ቡፌ

ባለቤቴ አናጢ ነው፤ ግን ሰው የሚኖርበት ቤት ሠርቶ አያውቅም። የሚሠራው ለፊልም ነው። የሱ ቤቶች ሦስት ግድግዳ ነው ያላቸው፤ በአራተኛው በኩል ካሜራው ይቆማል። በሩ ሲያዩት ከባድ ይመስላል፣ በጣት ቢነኩት ይወድቃል። ቀረጻው ሲያልቅ ያው ራሱ ያፈርሰዋል። «ዕድሜ ልክህን ስትገነባ ኖረህ አንድ ቤት እንኳ የለህም» እያልኩ አሾፍበት ነበር።

ማሾፌን ያቆምኩት ሥራው ሲጠፋ ነው። የአገር ሰው ቀጥረው እዚህ ለሚቀርጹ ኩባንያዎች መንግሥት ከግብራቸው ላይ የተወሰነ ይመልስላቸው ነበር። የሕጉ ጊዜ አለቀና ሳይታደስ ቀረ። ፊልም ሠሪዎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ጎረቤት አገር ተሻገሩ። የኔው ሰው ቤት ዋለ። ቤት የዋለ ባል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልተበላሸውን ሁሉ ሲጠግን ይውላል።

እናቴ አሳዘናትና «እስቲ ለኔ ቡፌ ሥራልኝ፣ ልጄ» አለችው። ሠራላት። ሲያምር! ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ አደነቀ። እናቴ የሠርጓን ሳህኖች ደረደረችበትና በሩን ስትዘጋው መደርደሪያዎቹ ወደ ኋላ ጋደል፣ ሳህኖቹ ዝርግፍ! ለካ ጀርባ የሚባል ነገር አልሠራለትም። ካሜራ ጀርባ አያይማ!

«ፊቱስ ቆንጆ ነበር» ብላ እናቴ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ማታ ቤት ስንገባ፣

«እዚህ ለምንም አልሆንም። ሥራው ወዳለበት ልሂድ» አለኝ።

«መቼ ልትመለስ?»

መጋዙን አንስቶ ይወለውል ጀመር። እኔም እልህ ያዘኝና አልለመንኩትም። ሻንጣውን ራሴ አዘጋጀሁለት፤ ሸሚዞቹን ግን ሁለት ሦስቴ አጥፌ ፈታኋቸው። ባል በስልክ ይኖራል እንዴ?

ሊሄድ በተነሳበት ቀን አውቶቡሱ የሚነሳው ከሰዓት በኋላ ስለነበር፣ ጠዋት የእናቴን ቡፌ ሳልጨርስ አልሄድም ብሎ እሷ ቤት ሄድን። ምስማር በአፉ ይዞ ሲመታ ስልኩ ጮኸ። የድሮ አለቃው ነው፤ ድምፁ ለኔም ይሰማል።

«ሕጉ ታደሰ! አሁን ደግሞ ለኩባንያዎቹ የሚመለስላቸው ለአገር ሰው በከፈሉት ደመወዝ ልክ ነው። አናጢ አምጣ እያሉ ወጥረው ይዘውኛል። የት ነህ?»

«አማቴ ቤት። ጀርባ እየሠራሁ» አለና መሬቱ ላይ ቁጭ አለ።

እኔም አጠገቡ ቁጭ አልኩ። ስለ ግብር አንድም ቀን ገዶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን ሕግ አውጪዎቹን አንድ በአንድ መረቅኳቸው።

ቀረጻው ሊጀመር ሲል ባለቤቴ ሥራ ቦታው ወሰደኝ። ሦስት ግድግዳ ያላት ወጥ ቤት ውስጥ አዲስ ቡፌ ቆሟል። ጎንበስ ብዬ ከኋላው ባይ፣ ጀርባው ድፍን ተደርጎ በምስማር ተመትቷል።

«‹ይሄን ማን ያየዋል?› ብዬ ብጮህበት፣ ‹አማቴ ብትመጣስ?› አለኝ» አለ አለቃው።

ቡፌው ላይ ደግሞ ያቺ ያዘጋጀሁለት ሻንጣ ተቀምጣለች። ለፊልሙ ዕቃ ትሁን ብሎ ሰጥቷታል።

«ሲጨርሱ ይመልሱልሃል?» አልኩት።

«ምን ያደርግልኛል?» አለኝ።

ሰው እያየን አቀፍኩት።